አለህ ወይ?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ቤርሼቫ። አራተኛ ፎቅ።
ከትራሴ ሥር ስልኬ እሪ አለ፤ «የክሊኒኩ ሰርቨር ወደቀ፣
ፍሪጁን የሚጠብቀው ዐይን ጠፋ፤ መስመሩ ደረቀ።»
ተነሣሁ። ወንበር ሳብሁ። እንቅልፍ ባልለቀቀው ጣቴ
የመጀመሪያውን ሰላምታ ላክሁ፣ እንደ ወጉ፦

አለህ ወይ?
ዝም።
አለህ ወይ?
ዝም።

እኛ ዘንድ ሰላምታ አንዴ ተብሎ አይቆምም፤
እንዴት አመሸህ፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ አይታከትም።
አራት ላክሁ፤ አራቱም በረሃ ገብተው ቀሩ፤
«ከመቶ መቶ ጠፋ» አለኝ ስክሪኑ፤ ምን ገዶት፣ ለነገሩ።

ክሊኒኩ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው፤ በካርታ ግን ይርቃል፤
ወፍራሙ የመብራት ገመድ ከመንደሩ አናት ላይ ያልፋል፤
እንደ ሀብታም ዘመድ፣ ሰላም ሳይል ያልፋል።
መንደሩ የሚያመሸው በጣሪያ ፀሐይ፣ በባትሪና
በአንድ ቢጫ ጄነሬተር ነው፤ እሱም ከፈቀደ፣ ደህና።
ትናንት አቧራ ዋለ። ፓኔሉ አፈር ለበሰ፤
ባትሪው ጦሙን አድሮ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሰ።

ፍሬጅ ጋ ደወልሁ። ዘበኛ ነው፤ ሹፌርም፣ ቧንቧ ጠጋኝም።
የእሱ ዕብራይስጥ ያነክሳል፤ የኔም ምርኩዝ አይጠላም።
«መብራት ሄደ» አለኝ።
እኔም የማውቀው በዚሁ ቃል ነው፤ ጎንደር፣ በልጅነቴ፣
መብራት ይሄድ ነበር፣ ይመጣም ነበር፣ እንደ ኩርፍተኛ አክስቴ፤
ወዴት እንደሚሄድ ግን ጠይቄ አላውቅም፣ በሕይወቴ።

ገመዱን ሳበ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው
ጄነሬተሩ ሳለ፤ በስልኩ ውስጥ ሰማሁት፣
ሽማግሌ በማለዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ።
መብራት መጣ።
ሰርቨሩ ግን አልተነሣም።

በጓሮ በር ገባሁ። ከማሽኑ ጎን
የማታንቀላፋ አንዲት ቺፕ አለች፤ በእሷ መስኮት አጮለቅሁ።
ጥቁር ስክሪን። አንዲት ነጭ መስመር፦
ዲስኩ ቆስሏል፤ ልጠግን? አዎ ወይስ አይ?
አዎ። ደግሞ ጠየቀኝ። አዎ። ደግሞ። አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልሁት፤
ባሌን እንኳ ይህን ያህል እሺ ብዬው አላውቅም።

ሠላሳ ከመቶ።
«ነዳጁ ለሃያ ደቂቃ ነው» አለኝ ፍሬጅ። ጥገናው አርባ ይፈልጋል።
ፍሪጁ ውስጥ የሕፃናት ክትባት አለ፤ ሐሙስ እናቶች ይሰለፋሉ።
ዝም ተባባልን። ከዚያ «ቆይ» አለኝ፤
ስልኩን መሬት አስቀመጠ መሰለኝ፣ ጠጠር ሰማሁ፤
የመኪና በር፣ የጎማ ቱቦ፣ መምጠጥ፣ መትፋት፣
ከዚያ በዐረብኛ ረጅም እርግማን፤
እርግማን ደግሞ አስተርጓሚ አይሻም።
ከገዛ ፒካፑ ናፍጣ ቀዳ።

ሰባ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አንድ።
ጥፍሬን በላሁ። ጎረቤት ሽንት ቤት ውኃ ለቀቀ።
ሰማንያ ሁለት።

አለህ ወይ?
አለሁ፤ በአርባ አንድ ሚሊሰከንድ።
አለህ ወይ?
አለሁ።
ፍሪጁስ?
አምስት ዲግሪ። ክትባቶቹ ደህና አደሩ።

«መኪናዬ ባዶ ናት፣ በእግሬ ልሂድ» አለ ፍሬጅ፤ «ቅርብ ነው።»
በዚያ በረሃ ቅርብ ማለት ስንት ኪሎ እንደሆነ አላውቅም።
ሶኬቷን ለሰርቨሩ ለቅቆለት
የራሱ ስልክ አራት ከመቶ ቀርቶታል።

ሪፖርቱን ጻፍሁ፦ «ምክንያት፣ የኃይል መቋረጥ። ሁኔታ፣ ተፈትቷል።»
የፍሬጅ ስም የሚገባበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም፤
«ሌላ አስተያየት» በሚለው ሥር ጻፍሁት፣ ናፍጣውንም።
ከዚያ ለእሱ፦ አለህ ወይ?
አንድ ግራጫ ምልክት።

ነጋ። ልጆቹን ቀሰቀስሁ። ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ጭቅጭቅ።
አንድ ግራጫ ምልክት።
ሰርቨሩ በየደቂቃው አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ይለኛል፤
ማን ጠየቀህ፣ አንተን!

ሦስት ሰዓት ሲል ምልክቱ ሁለት ሆነ። ቃል አልጻፈም፤
ፎቶ ላከ፦ የወለቀ ጫማ፣ ደጃፍ ላይ፣
እስከ አፉ አሸዋ የሞላው።